በኦገስት ከአቴንስ ጀልባ ለመከራየት ላሰቡት እኅት

ሰላም ለእርስዎና ለቡድኑ አባላት ሁሉ። ከስቶክሆልም የላኩትን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ልጆችን ጨምሮ ስምንት ሆናችሁ በኦገስት አጋማሽ ከአቴንስ የሸራ ጀልባ ለአንድ ሳምንት ተከራይታችሁ የሚኮኖስንና የሳንቶሪኒን ደሴቶች ለማየት እንዳሰባችሁ፣ አራት ካቢን (የመኝታ ክፍል) ያለው ጀልባ በፎቶግራፍ አይታችሁ እንደወደዳችሁት፣ አከራዩም የኪራዩን ግማሽ በሁለት ቀን ውስጥ እንድትልኩ እንደጠየቃችሁ ጽፈዋል። ገንዘቡን እንላክ ወይስ እንቆይ የሚለው ነው ያስጨነቃችሁ። እኔ የባሕር ሙያ የለኝም፤ ይሁን እንጂ ከዘመዶቼና ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ጊዜ ከአቴንስ ጀልባ ተከራይቻለሁ፣ የመጀመሪያውን ጉዞ ያደራጀሁትም እኔው ስለነበርኩ ስሕተቶቹ በሙሉ በእኔ ስም የተመዘገቡ ናቸው።

መልሴ ገና አይላኩ የሚል ነው። አከራዩን ስለተጠራጠርኩ አይደለም፤ ግማሽ ቀብድ መጠየቅ በዚህ ሥራ የተለመደ ነው፣ ቀሪውም ከጉዞው አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ ይጠናቀቃል። ችግሩ ጀልባውን የመረጣችሁት ነፋሱንና የሰዉን ብዛት ሳትመዝኑ መሆኑ ነው። እኛም በመጀመሪያው ጊዜ የተነሣነው ከፎቶግራፉ ነበር። ጀልባው እንዳያመልጣችሁ ከሰጋችሁ አከራዩን ወይም ደላላውን «ኦፕሽን ያዙልን» በሉት፤ ብዙዎቹ ያለ ምንም ክፍያ ለጥቂት ቀናት በስማችሁ ይይዙታል፤ በእነዚያ ቀናት ከዚህ በታች ያሉትን ነገሮች ማጣራት ትችላላችሁ። ኦፕሽን ጨርሶ አልይዝም ብሎ የሚያዋክብ፣ ከዚያም አልፎ ገንዘቡን በድርጅቱ ሳይሆን በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ላኩ የሚል ቢገጥማችሁ ግን ያን ጊዜ በእርግጥ ተጠራጠሩ።

በመጀመሪያ ስለ ነፋሱ። በጁላይና በኦገስት በኤጂያን ባሕር ላይ ግሪኮች መልተሚ የሚሉት ከሰሜን የሚነሣ ደረቅ ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋም እየጠበሰች ስለሚነፍስ በባሕር ዳርቻ ለተቀመጠ ሰው አያስፈራም፤ በጀልባ ላይ ላለ ሰው ግን በነፋስ ኃይል መለኪያው ከ5 እስከ 7 ቦፎርት የሚደርስ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚያልፍ ኃይለኛ ነፋስ ነው፤ ከጀመረም በአንድ ቀን አይቆምም። ዋና መንገዱ ደግሞ በትክክል እናንተ ልትሄዱባቸው ባሰባችኋቸው በሲክላደስ ደሴቶች መካከል ነው፤ ሚኮኖስ በነፋስ ወፍጮዎቿ የታወቀችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአቴንስ እስከ ሳንቶሪኒ 120 የባሕር ማይል ያህል ነው። የሸራ ጀልባ በሰዓት 5 ወይም 6 ማይል ስለሚጓዝ ይህ ሳይቆሙ ከ20 እስከ 24 ሰዓት የሚወስድ መንገድ ነው። ሲሄዱ ነፋሱ ከኋላ እየገፋ ይወስዳችኋልና ደስ ይላል፤ ሲመለሱ ግን ያንኑ ነፋስ ፊት ለፊት ተጋፍጣችሁ መውጣት አለባችሁ። ኪራዩ ደግሞ በአብዛኛው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ሆኖ ጀልባው ዓርብ ማታ መነሻው ወደብ ላይ እንዲገኝ ስለሚጠበቅ፣ በተግባር የሚኖራችሁ ስድስት የጉዞ ቀን ነው። ሐሙስ ዕለት ነፋሱ በአንዲት ደሴት ቢያስቀራችሁ የመዘግየቱን ቅጣት የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። በዚያ ላይ ብዙ የኪራይ ውሎች ነፋሱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ከወደብ መውጣትን ይከለክላሉ። ከሁለት ልጆች ጋር ይህን አልመክርም። ሳንቶሪኒን ማየት የግድ ከሆነ ጀልባውን ከመለሳችሁ በኋላ በትልቁ መርከብ ሄዳችሁ ሁለት ሌሊት ማደር ይሻላችኋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ ከአቴንስ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው የሳሮኒክ ሰላጤ ተመራጭ ነው። በየብስ የተከበበ በመሆኑ የመልተሚው ኃይል በአመዛኙ ይቀንሳል፣ በአንዱ ደሴትና በሌላው መካከል ያለው ርቀትም የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ጉዞ ብቻ ነው። እኛ በአቴንስ ካለው የጀልባ ወደብ፣ ከአሊሞስ ማሪና ተነሥተን የመጀመሪያውን ሌሊት በኤጊና አደርን፤ ፒስታችዮ የሚበቅልባት ደሴት ናት፣ ወደቡ ላይ በከረጢት ይሸጡታል። ከዚያ ወደ ኤፒዳውሮስ ተሻገርን። ጥንታዊው ቴአትር ከወደቡ በታክሲ ቅርብ ነው፤ ከ2,300 ዓመታት በፊት የተሠራ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ በበጋ ትርኢት ይታይበታል፤ ከላይኛው ረድፍ ተቀምጠን ከታች የሚነገረውን ቃል በቃል ስንሰማ ከመካከላችን ያላመነ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ወርዶ ሳንቲም ጥሎ ሞክሮታል። ቀጥሎ ፖሮስ፣ ከዚያም ሃይድራ። ሃይድራ መኪና የማይገባባት፣ ጭነት በአህያና በበቅሎ የሚጓጓዝባት ደሴት ስለሆነች ልጆቹ ከሁሉም አብልጠው ይወዷታል፤ ነገር ግን ወደቧ ጠባብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የሚደርስ ጀልባ ቦታ አያገኝም፣ ቢያገኝም መልሕቁ ከጎረቤት መልሕቅ ጋር ተጠላልፎ በማግስቱ ጠዋት ጭቅጭቅ ይጠብቀዋል። ከቀትር በፊት ግቡ።

ኦገስት 15 በግሪክ የእመቤታችን የዕረፍት በዓል ስለሆነ የአገሬው ሰው በሙሉ ወደ ደሴቶቹ ይወርዳል። ከቻላችሁ ጉዞውን ወደ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ማዘግየት ዋጋውንም ነፋሱንም ያቀልላችኋል፤ ትምህርት ቤት የሚከለክላችሁ ከሆነ ግን ከበዓሉ ሳምንት አንድ ሳምንት ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት እንኳ ይረዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ የአልጋ ቆጠራ ነው። ከመካከላችሁ የሸራ ጀልባ ፈቃድ ያለው ሰው ስለመኖሩ ስላልጠቀሱ የለም ብዬ እገምታለሁ። በግሪክ ያለ ስኪፐር፣ ማለትም ያለ ቅጥር ጀልባ ነጂ፣ ለመከራየት አንድ ሰው ዕውቅና ያለው ፈቃድ ማቅረብ፣ ሌላው ደግሞ የጀልባ ልምድ ያለው መሆን ይጠበቅበታል፤ ስለዚህ እናንተ ስኪፐር መቅጠር አለባችሁ። ስኪፐሩ የሚተኛበት ቦታና ምግቡ የእናንተ ኃላፊነት ነው። በመጀመሪያው ጉዟችን ሰባት ሆነን አራት ካቢን ያለው ጀልባ ይዘን፣ «ስምንት አልጋ ለስምንት ሰው» ብለን ተደስተን ነበር። ስኪፐሩ ጎልማሳ እንግዳ ሰው ነውና ከእኛ ከአንዱ ጋር አልጋ እንዲጋራ መጠየቅ እንደማይቻል የገባን ጀልባው ላይ ስንደርስ ነው። በዚህ የተነሣ አንድ የአጎቴ ልጅ ሰባቱንም ሌሊት በሳሎኑ መቀመጫ ላይ ሲያድር፣ ከሁሉም በኋላ ተኝቶ ከሁሉም ቀድሞ የሚነሣው እርሱ ሆነ፤ እስከ ዛሬ ያነሣብኛል። እናንተ ከስኪፐሩ ጋር ዘጠኝ ትሆናላችሁ። ያያችሁት ጀልባ አይበቃችሁም። ወይ አምስት ካቢን ያለው ጀልባ፣ ወይም አራት ካቢን ያለውና በአፍንጫው በኩል ለስኪፐር የተለየ ማደሪያ የተሠራለት ካታማራን፣ ማለትም ሁለት አካል ያለው ጀልባ፣ ጠይቁ። ጀልባው ስንት ሰው እንዲጭን እንደተፈቀደለትም ከሰነዱ ላይ ይረጋገጥ፤ ሕፃን ልጅም በዚያ ቁጥር ውስጥ እንደ አንድ ሰው ይገባል።

ካታማራን ወይስ አንድ አካል ያለው ጀልባ ለሚለው፣ ልጆችና አረጋውያን ካሉ ካታማራን ብዙም አያዘነብልም፣ መቀመጫውም ሰፊ ነው፤ ዋጋው ግን እጅግ ይበልጣል፣ በወደብም የሚከፈልበት ቦታ ድርብ ሊሆን ይችላል።

ዋጋን በተመለከተ በማስታወቂያ ላይ ያለው ቁጥር የመጨረሻው አይደለም። ያወጣነውን ልንገርዎት። ጀልባው ለጁን የመጀመሪያ ሳምንት 3,400 ዩሮ ነበር። ለስኪፐሩ በቀን 180 ዩሮ ሒሳብ ለሰባት ቀን 1,260 ከፈልን። የመጨረሻ ጽዳትና የአልጋ ልብስ 260፣ ነዳጅ 170፣ የወደብ፣ የውኃና የመብራት ክፍያ 150፣ የመያዣ ኢንሹራንስ 280፣ ከሱፐርማርኬት ለጀልባው የተገዛ ምግብና መጠጥ 900 ዩሮ ወጣ። ሲደመር 6,420 ዩሮ፣ ለሰባት ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 917 ያህል ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬትና በምግብ ቤት የበላነው በዚህ ውስጥ የለም። ለዚያው ጀልባ የኦገስት አጋማሽ ዋጋው ከ5,000 ዩሮ በላይ ነበር። ስለዚህ ከአከራዩ የተጨማሪ ክፍያዎችን ዝርዝር በጽሑፍ ሳትቀበሉ አትስማሙ፤ በተለይ የትንሿ የጎማ ጀልባ ሞተር፣ ቴፓይ የሚባለው የግሪክ የመርከብ ግብር፣ እንዲሁም ቀረጡ በኪራዩ ውስጥ መካተት አለመካተታቸውን ጠይቁ። ያንኑ አንድ ጀልባ ብዙ ደላሎች ያስተዋውቁታልና ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ዋጋ መጠየቅ ነውር የለውም።

መያዣ ገንዘቡ ሌላ ጉዳይ ነው። ጀልባውን ስትረከቡ በክሬዲት ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ ከ2,000 ዩሮ የማያንስ፣ ለካታማራን ደግሞ ከዚያ እጅግ የሚልቅ ገንዘብ ይታገድባችኋል፤ የካርዱን ጣሪያ አስቀድማችሁ ከባንካችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ካርዱ በተከራዩ ስም መሆን አለበት። በአማራጭ የማይመለስ ኢንሹራንስ ከፍሎ መያዣውን ማሳነስ ይቻላል፤ እኛ በመጀመሪያው ጉዞ ያደረግነው ይህንን ነው። በሁለተኛው ጉዞ ግን ለመቆጠብ ብለን ኢንሹራንሱን ተውነው፤ ርክክቡም በጥድፊያ ስለተደረገ የጎማ ጀልባዋን ሞተር መቅዘፊያ ማንም አላየውም። ስንመልስ ጫፉ ተሸራርፏል ተባልን፣ ቀድሞም እንዲያ እንደነበር የምናስረዳበት ማስረጃ ስላልነበረን 300 ዩሮ ተቆረጠብን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ለመነሣት ሲቸኩል እርስዎ አይቸኩሉ። አንድ ሰው ስልኩን ይዞ ጀልባውን ከአፍንጫው እስከ ጭራው፣ ሸራውን ተዘርግቶ፣ የጎማ ጀልባዋን ተገልብጣ በቪዲዮ ይቅረጽ፤ የታየው ጭረት ሁሉ በርክክብ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። የሕይወት አድን ጃኬቶች በልጆቹ ልክ መኖራቸውንም ያን ጊዜ ሳይሆን ገና ስትዋዋሉ በጽሑፍ ጠይቁ።

የእኛን ሰው በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። አከራዩ የተሳፋሪዎችን ዝርዝር ለወደብ ባለሥልጣን ስለሚያቀርብ የሁሉንም ስምና የፓስፖርት ቁጥር ይጠይቃችኋል። በእኛ አጠራር የልጅ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ በአውሮፓ የተሰጡት ሰነዶቻችን ደግሞ አንዱ የአባትን፣ አንዱ የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዘዋል። ዝርዝሩን ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡት። ባልና ሚስት፣ ልጆችም ጭምር በተለያየ ስም ሲገኙ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርምና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ መያዝ አይከፋም። ከመካከላችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ያለው ወይም በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚጓዝ ካለ፣ ስኪፐሩ እግረ መንገዱን ወደ ቱርክ ጠረፍ እንሻገር ቢል አይቀበሉት፤ ቱርክ ከሼንገን ውጭ ናት።

ስለ ባሕሩ ኑሮ ባጭሩ። መዋኘት የማይችል ሰው ካለ ሳያፍር ለስኪፐሩ ይንገረው፤ ደገኛ ሆነን ያደግን ብዙዎቻችን አንችልም፣ ስኪፐሩም ይህን ካወቀ መልሕቅ የሚጥልበትን ቦታ ጥልቀት አይቶ ይመርጣል። የባሕር ሕመም የሚይዘው ሰው ክኒኑን ከመነሣቱ በፊት ይዋጥ፤ ካመመው በኋላ ቢውጠው እምብዛም አይረዳውም፣ ወደ ካቢን ከሚወርድም ውጭ ተቀምጦ አድማሱን ቢመለከት ይሻለዋል። ሻንጣችሁ የሚታጠፍ ጨርቅ ይሁን፤ ጠንካራ ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ውኃው በታንከር ነው፣ እንደ ቤት ሻወር ከወሰዳችሁት በሁለት ቀን ያልቃል። ወረቀት ወደ ሽንት ቤቱ አይጣልም፤ ይህን ለልጆቹ አስቀድማችሁ አስረዷቸው፤ ቱቦው ከተዘጋ ጠጋኙ የሚያስከፍለው እናንተን ነው።

ጉዟችሁ በፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል የሚጾም ካለ አይስጋ። የግሪክ ኦርቶዶክሶች ከኦገስት 1 እስከ 14 ስለሚጾሙ «ኒስቲሲሞ» (የጾም ምግብ) ካላችሁ አስተናጋጁ ይገባዋል፤ ነገር ግን በእነርሱ ጾም ስኩዊድና ሽሪምፕ ይበላልና ያን የማትበሉ ከሆነ ለይታችሁ ንገሩት፤ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ በቲማቲም የበሰለ ባቄላና ቅጠላ ቅጠል አይጠፋም። በ15 የእነርሱ ጾም ስለሚፈታ፣ የእኛው እስከ 21 ለሚዘልቅበት ሳምንት ሽሮና ምስር ከቤት መያዝ ይበጃል። ጀበናም ይዛችሁ ብትሄዱ በጋዝ ምድጃው ላይ ይፈላል፤ ከሰልና ዕጣን ግን እቤት ይቅሩ፣ የእኛ ስኪፐር ከሰሉን ገና በከረጢቱ ሳለ አይቶት ከወደቡ ላይ አስቀርቶታል።

የመረጣችሁትን ጀልባ የካቢን ንድፍና የተጨማሪ ክፍያ ዝርዝሩን እዚህ ብትለጥፉልን፣ ቀብዱን ከመላካችሁ በፊት አብረን እናየዋለን።