እናቴ ያልዳነችው እምነቴ ስለ ጎደለ ነውን?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ እናቴ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ በኋላ እጥበት ላይ ቆይታ በዚህ ዓመት ዐረፈች። ሌሊት ተነሥቼ ሐኪም ቤት አደርሳት ነበር፤ መርፌው ሲገባ ዐይኗን ጨፍና «ተመስገን» ትላለች፤ ማሽኑ ደሟን አጥቦ እስኪጨርስ ውዳሴ ማርያም ከአፏ አይለይም ነበር። እኔም ባለፈው የታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ሄጄ፣ እናቴ ከዳነችልኝ ጃንጥላ ላስገባ ተሳልሁ። ከቀብሩ በኋላ አንዲት የቅርብ ዘመዳችን «ሐኪም ቤቱን ትታችሁ ጠበሉን በእምነት ብትይዙት ኖሮ ትድን ነበር፤ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል እምነት ጠፍታ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስገባ እሸማቀቃለሁ። ለመሆኑ እምነት ምንድን ነው? ሐኪም ቤት መውሰዴ እምነት ማጣት ነበርን? ስለቱስ ዕዳ ይሆንብኛልን? (ስሜ ይቆይ፤ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የእናትዎንም ነፍስ በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን። ዘመድዎ የተናገሩት ዐይነት ቃል በየልቅሶ ቤቱ ይሰማል። ክፉ አስበው እንዳልተናገሩት አምናለሁ፤ ሆኖም ቃሉ ስሕተት ነው፤ ሐዘንተኛን ባልሠራችው ኃጢአት የሚከስ ስለሆነም በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አድርገው ነበር፤ የመከራውን ምክንያት ከራሱ በደል መፈለግ ሲጀምሩ ግን በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው በእነርሱ ላይ ነው።

በዘመድዎ አባባል እምነት ሰው የፈለገውን ከእግዚአብሔር የሚያገኝበት ዋጋ ይሆናል፤ ዋጋው ከሞላ ፈውስ ይመጣል፤ ፈውስ ካልመጣ ደግሞ ዋጋው አልሞላም ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ በመከራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከሕመሙ በላይ የገዛ ልቡን ሲመዝን ሊኖር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያሳየን እምነት ግን እግዚአብሔር ራሱ የታመነ መሆኑን ይዞ፣ የምንለምነው ቢፈጸምም ባይፈጸምም ከእርሱ ሳይለዩ መኖር ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እርስዎ ቁልቢ የወጡበት የታኅሣሥ 19 በዓል ራሱ ይበቃል። በዚያ ቀን የሚታሰበው ሠለስቱ ደቂቅ የተባሉት ሦስት ወጣቶች በመልአኩ ከእቶኑ እሳት የዳኑበት ታሪክ ነው። መዳናቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወደ እሳቱ ከመጣላቸው በፊት ለናቡከደነፆር የሰጡትን መልስ ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ፣ «ባያድነንም እንኳ ላቆምኸው ምስል አንሰግድም» አሉት (ዳንኤል 3)። እነዚያ ወጣቶች እሳቱ እንደማይበላቸው አስቀድሞ የተነገራቸው ነገር አልነበረም። «ባያድነንም» ያሉበት ሰዓት እምነታቸው የጎደለበት ሳይሆን ከፍ ብሎ የታየበት ሰዓት ነው። መልአኩ ባይመጣና እዚያው ተቃጥለው ቢቀሩ እንኳ በእምነት ሞቱ እንጂ እምነት አጥተው ሞቱ የሚል አንባቢ አይኖርም ነበር።

ዕብራውያን ምዕራፍ 11ም እንዲሁ ነው። የአቤልን፣ የኖኅን፣ የአብርሃምን እምነት ሲተርክ ቆይቶ፣ በእምነት መንግሥታትን ድል የነሡትን፣ የአንበሶችን አፍ የዘጉትን፣ ከሰይፍ ስለት ያመለጡትን ይቆጥራል። ወዲያው ደግሞ በድንጋይ የተወገሩትን፣ በመጋዝ የተሰነጠቁትን፣ በሰይፍ የተገደሉትን ይጨምራል። አንዱ ከሰይፍ አመለጠ፤ ሌላው በሰይፍ ተገደለ፤ የሁለቱም እምነት ግን እኩል ተመስክሮለታል። ዘመድዎ ይህን ምዕራፍ ረጋ ብለው ቢያነቡት እወዳለሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ በዐቢይ ጾም አጋማሽ የምናስበውን መጻጉዕን ይመልከቱ። 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው ያ ሰው ከመዳኑ በፊት ስለ እምነቱ አንዳች የተናገረው የለም፤ ከዳነም በኋላ ያዳነው ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር (ዮሐንስ 5)። በአንጻሩ የሐዋርያው ጳውሎስን እምነት ማን ይጠራጠራል? እርሱ ግን የሥጋው መውጊያ እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው፤ ባልንጀራውን ጥሮፊሞስንም ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል። ፈውስ የእምነት መለኪያ ቢሆን ኖሮ መጻጉዕ ከጳውሎስ ሊበልጥ ነው። የሰናፍጩም ቃል ቢሆን ትንሿ እምነት እንደምትበቃ ለማጽናናት የተነገረ እንጂ ሐዘንተኛን መመዘኛ እንዲሆን አልተሰጠም። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» እያለ የጮኸው አባት ልጁ ድኖለታል።

ወደ ሐኪም ቤቱ ጥያቄ ልመለስ። ጠበሉን የባረከ እግዚአብሔር ለሐኪሙም ጥበብን የሰጠ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር። በእኛም ዘመን ብዙ ሕሙማን በእንጦጦ ማርያም ጠበል ይጠመቁ በነበረበት ጊዜ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በ1999 ዓ.ም. በይፋ አስተምረዋል። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው እጥበቱን ቢያቋርጥ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ እጥበት የጀመረ በሽተኛ ያለበት ቤት «ሕክምናውን አቋርጡ» የሚል ምክር ከማንም ቢመጣ እንዳይቀበል አጥብቄ እለምናለሁ።

ሐዋርያው ያዕቆብ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው ይላል። እርስዎ በሌሊት ተነሥተው እናትዎን ደግፈው መኪና ላይ ያወጡበት፣ ወረፋ የጠበቁበት፣ ደክሞዎት ሳለ ያልተቆጡበት ያ ሁሉ ጊዜ ምን ነበር ይላሉ? ስለ እምነት በዕለት ኑሮ ከተጠየቅሁ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም። እናትዎ ደግሞ መርፌው ሲገባ «ተመስገን» ያሉት ድነው አልነበረም፤ እንደሚድኑም እርግጠኛ አልነበሩም። በቅዳሴ ጸሎተ ሃይማኖትን ስንደርስ የምንደመድመው የሙታንን መነሣትና የሚመጣውን ሕይወት ተስፋ እናደርጋለን ብለን ነው። አልዓዛር እንኳ ከመቃብር ከተጠራ በኋላ በሌላ ቀን ሞቷል፤ የክርስቲያን ተስፋ ከሕመም አልጋ ተነሥቶ ጥቂት ዓመት ከመጨመር ያለፈ ነው። ስለዚህ ሳይሸማቀቁ ቤተ ክርስቲያን ይግቡ፤ ማልቀስ ካሻዎትም ያልቅሱ፤ ጌታችን ራሱ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል።

ስለ ስለቱ ልጨርስ። የተሳሉት «ከዳነችልኝ» ብለው ነው፤ ሐናም «ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ» ብላ ተስላ፣ ሳሙኤልን ወስዳ የሰጠችው ልመናዋ ከተፈጸመላት በኋላ ነበር። በሁኔታ የተሳሉት ነገር ሁኔታው ካልተፈጸመ ዕዳ ሆኖ አይከተልዎትም፤ መልአኩም እንደ ባለ ዕዳ አይጠይቅዎትም። በእናትዎ ስም መታሰቢያ እንዲሆን ጃንጥላውን በፈቃድዎ ለማስገባት ከወደዱ መልካም ነው፤ ያንኑ ገንዘብ የእጥበት ክፍያ ላጣ በሽተኛ ቢሰጡትም እንዲሁ መልካም ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጡ፣ ስለ ተዝካሩም ጭምር፣ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ።