ሐረጉን ከመሳላችሁ በፊት

ልጆች፣ ሥራችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። ከስልክ የተቀዳ ሐረግ፣ ያ የብራና መጻሕፍት የተጠላለፈ የመስመር ሥዕል፣ የሸራውን ጠርዝ ይዞራል፣ መሀል ላይ ትልቅ ዓይን ይቀመጣል፣ አለቀ። «ባህላዊ ነው እኮ ጋሼ» ትሉኛላችሁ።

ሐረግ በብራና መጽሐፍ ውስጥ ለጌጥ ብቻ አይገባም። ምንባብ ሲጀመር ከገጹ ራስ ላይ ይሳላል፤ እንደ በር ነው። እስቲ መስመሩን በጣታችሁ ተከተሉት። አንዱን በላይ ካለፈ ቀጣዩን በሥር ያልፋል። አንድ ቦታ ከሳታችሁ ሁሉም ይፈታል። በእርሳስ ሃያ ጊዜ ሳትሠሩት ቀለም አትንኩ።

ብራናውንም እወቁት። ወጣት ሳለሁ በበጋ ብራና ገዝቼ አክሪሊክ ቀለም በወፍራሙ ለጠፍኩበት። ክረምት ሲገባ ብራናው እርጥበት ጠጥቶ ተጨማደደ። ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሣ። ገዢው ተሸክሞ መለሰልኝ። ያን ቀን ያፈርኩት እፍረት! ብራና ፋቂ ዘንድ ሄጄ የተቀመጥኩት ከዚያ ወዲያ ነው። የፍየሉ ቆዳ ሲዘፈዘፍ፣ እንጨት ላይ ሲወጠር፣ ሥጋውና ፀጉሩ ሲፋቅ አየሁ። በፀጉሩ በኩል ያለው ገጽ ወደ ቢጫ ያደላል፣ በሥጋው በኩል ያለው ነጣ ይላል። ሁለቱ ቀለም የሚይዙት እኩል አይደለም። ይህን ማንም ክፍል ውስጥ አልነገረኝም።

ሠዓሊውን ዘሪሁን የትምጌታን እዩ። ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ ደርድሮ፣ በላዩ ላይ ሳለ። ከክታብና በክታብ ላይ ከሚሳለው ከጠልሰም ብዙ ወስዷል፤ የሠራው ግን ክታብ አይደለም። በ1992 እ.ኤ.አ. ዳካር ቢየናሌ በሚባለው የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ተሸልሟል። ሌላው ሠዓሊ ወሰነ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ የግዕዙን ፊደል ሰባብሮ፣ ዘርግቶ፣ እንዳይነበብ አድርጎ ይስለዋል። ፊደሉን ሳያውቁት እንዲህ መሰባበር አይቻልም፣ በእኔ አስተያየት።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከአሮጌ መጽሐፍ በተገነጠለ ገጽ ላይ አትሳሉ። ቱሪስት እንደሚወደው አውቃለሁ፤ በደንብም ይሸጣል። እኔም ድሮ አንድ ነጋዴ ሰጥቶኝ ልጀምር ብሩሼን አርሼ ነበር። ጽሑፉ ምን እንደሚል ለማወቅ ብቻ ለአንድ መሪጌታ አሳየኋቸው። አነበቡት። ቀስ ብለው አገላበጡት።

«ዳዊት ነው» አሉኝ። «ሌላውስ የት አለ?»

ገጹ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።