ጉልበተኛ መኪና ለያዛችሁ ልጆች

ሰሞኑን ጎማ ሊያሳይ ጋራዥ የመጣ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀኝና ከዛን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። "ጋሼ፣ የኔ አይዲ ፎር (የኤሌክትሪክ መኪናው ናት) እኮ 140 ላይ ምንም አይመስላትም፣ ድምፅ የላት መንቀጥቀጥ የላት፣ መንገዱ ጭር ካለ 80 የሚለውን ታፔላ የማከብረው ለምንድነው?" አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ለክርክር ሳይሆን ከልቡ ገርሞት ነው የጠየቀው። ስራ ይዤ ስለነበር በቅጡ አልመለስኩለትም፣ ስለዚህ ለሱም ለእኩዮቹም እዚህ ልፃፈው።

ይቺን ንግግር ድሮ ሰምቻታለሁ፣ መተሐራና አዋሽ መሀል። ያኔ አንድ መስሪያ ቤት ሾፌር መካኒክ ነበርኩ። አብሮኝ የሚሰራው ሰው በዕድሜም በስራም ይበልጠኛል፣ ፊልድ መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ይዟት ነው የሚወርደው፣ ፍሬኑን ለኩርባ ብቻ ነካ ያደርገዋል፣ ታች ስንደርስ ወርዶ በእጁ የጎማውን ሙቀት ያያል። ቅድም እየበረሩ ያለፉን መኪኖች ድልድዩ ጋ ቆመው ፍሬናቸው ሲጨስ እናገኛቸው ነበር። እንደሱ ጥንቁቅ ሾፌር አላየሁም። ይሄን የምነግራችሁ ቀጥሎ የማወራው ነገር በእብድ ሾፌር እጅ የሆነ እንዳይመስላችሁ ነው።

ለብዙ ዓመት የነዳው ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ነው። ያቺ መኪና ራሷ ትናገራለች፣ 100 ስትጠጋ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ በበሩ ንፋስ ያፏጫል፣ ጋቢና ውስጥ መደማመጥ ያቅታል፣ ሳትወድ በግድህ እግርህን ታነሳለህ። ከዛ መስሪያ ቤቱ ቪኤይት ገዛ፣ የወንበሩ ፕላስቲክ እንኳን ያልተላጠ፣ ለሱ ተሰጠው፣ የሚገባውም ለሱ ነበር። ቁልፉን ሲቀበል የነበረውን ደስታ አሁንም አየዋለሁ።

የዛን ቀን ከአዳማ ተነስተን ወለንጪትን አልፈን በሰቃ ሐይቅ ጋ ስንደርስ ውጪው ሙቀት ነው፣ እኛ መስኮት ዘግተን ኤሲ ከፍተን ዘፈን ቀስ አድርገን እየሰማን ነው። እኔ ጋቢና ነኝ፣ ከኋላ ከሂሳብ ክፍል የመጣች ልጅ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበሩ ላይ ሰብስባ ተኝታለች። ቀበቶ አላሰረችም፣ ያኔ ከኋላ ተቀምጦ ቀበቶ የሚያስር ሰው ብዙም አልነበረም። መተሐራን ለቀን ፈንታሌን በግራ ትተን ፓርኩን አቋርጦ የሚሄደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ስንገባ ጌጁን አየሁት፣ 140 አልፏል። እሱ አያየውም። አንድ እጁን መሪው ላይ ጣል አድርጎ "ይቺ እኮ የቆመች ነው የምትመስለው" አለኝ። ቀስ በል ልለው አስቤ ነበር፣ ግን መንዳት ያስተማረኝን ሰው ያውም ደስ ባለው ቀን እንዴት ብዬ ልናገረው፣ ይሉኝታ ያዘኝና ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ።

ከፊታችን ተሳቢ የያዘ የጭነት መኪና ተበላሽቶ አስፋልቱ ላይ ቆሟል። ረዳቱ የግራር ቅርንጫፍ እየጎተተ ወደኛ አቅጣጫ ይመጣል፣ ለምልክት ሊጥለው። ታውቁት የለ፣ ትሪያንግል የሌለው ቅጠል ቆርጦ ድንጋይ ደርድሮ ነው የሚያስጠነቅቀው። አንዱን ቅርንጫፍ ጥሎታል፣ ከመኪናው ሃምሳ ስልሳ እርምጃ ቢርቅ ነው። ይሄ ልማድ የመጣው ከድሮዎቹ ከባድ መኪኖች ነው፣ ኤንትሬ ጭነት ይዞ ሲሄድ እየተንፈቀፈቀ ስለሆነ ሃምሳ እርምጃ ይበቃዋል። ለኛ አልበቃንም። ረዳቱ የያዘውን ጥሎ ወደ ቁጥቋጦው ሲሮጥ አየሁት፣ አፉን ከፍቶ እየጮኸ ነው፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ድምፁ አይሰማም። ወዳጄ ፍሬን ያዘ፣ እንደማይደርስለት ገባው፣ በግራ ሌላ ተሳቢ እየመጣብን ነው፣ ወደ ቀኝ ሰበራት። መኪናዋ የአስፋልቱን ዳር ለቃ ጠጠሩን ስትነካ ተገለበጠች።

እሱና እኔ ቀበቶ አድርገን ነበር፣ ወጣን። ልጅቷ አልተረፈችም።

እሱ ተፈረደበት፣ ታሰረ፣ ከወጣ በኋላ መሪ አልጨበጠም። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ግን እናቷ እጄን ይዘው "ከናንተ መሀል ቀስ በል የሚለው ሰው አልነበረም ልጄ?" አሉኝ። በቁጣ አይደለም ያሉኝ፣ ለማወቅ ነው። የምመልሰው አልነበረኝም፣ እስከዛሬም የለኝም።

እሺ ወደ ጥያቄው። በ80 ስትነዳ በየሰከንዱ 22 ሜትር ትሄዳለህ፣ በ140 ደግሞ 39። ነገሩን አይተህ እግርህ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ይሄዳል። ከዛ በኋላ ደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬንና ጥሩ ጎማ ይዘህ በ80 ለመቆም ወደ 35 ሜትር ነው የምትፈልገው፣ በ140 ግን ከ100 ሜትር በላይ። ፍጥነቱ እጥፍ እንኳን ሳይሞላ ፍሬን ይዘህ የምትሄደው ርቀት ሶስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ርቀቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። የፈረስ ጉልበት ደግሞ እዚህ ጋ ምንም አያደርግልህም፣ ለመነሳት እንጂ ለመቆም አልተሰራም። የሚያቆምህ እያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱን የነካባት መዳፍ የምታህል ቦታ ናት፣ እሷ ደግሞ የቪኤይት ከቪትዝ ብትሰፋም የምታቆመው ክብደትም ስለሚበልጥ ቶሎ አታቆምህም። ታፔላው ስለመኪናህ አቅም አይደለም የሚያወራው። እዛ መንገድ ላይ ግመል የሚያሻግር እረኛ አለ፣ ቅጠል የሚጥል ረዳት አለ፣ የመኪናውን ርቀት በዓይኑ ለክቶ "እደርሳለሁ" ብሎ የሚሻገር ሽማግሌ አለ፣ ሁሉም አንተ በምን ፍጥነት እንደምትመጣ ገምቶ ነው እግሩን የሚያነሳው። 140 የሚመጣን መኪና ማንም በዓይኑ መገመት አይችልም።

ስለ ኤሌክትሪኮቹ አንድ ነገር ልበል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በነሱ ተሞልቷል፣ እኔም ነድቻቸዋለሁ፣ ግሩም መኪና ናቸው። ግን ባትሪው ወለሉ ስር ስለሆነ መንገዱን ጭብጥ አድርገው ይይዛሉ፣ ሞተሩ አይጮህም፣ ማርሽ አይቀየርም፣ ቤንዚን ሲረገጥ ወዲያው ይወረወራሉ (ቤንዚን ባይኖረውም እግራችን የለመደው ስሙን ነው)። ሃርድ ቶፑ ለወዳጄ ይነግረው የነበረውን አንዱንም አይነግሯችሁም። ሁለት ቶን አልፎ የሚመዝን ነገር እየነዳችሁ ሳሎን የተቀመጣችሁ ይመስላችኋል። ስለዚህ በስሜት አትንዱ፣ ጌጁን እዩ፣ የፍጥነት ማስጠንቀቂያው ሜኑው ውስጥ አለ፣ አብሩት።

እውነቱን ለመናገር የዛሬ ልጆች አንዳንዴ ታናድዱኛላችሁ። አንድ እጅ ስልክ፣ አንድ እጅ መሪ፣ ጌጁን እየቀረፁ ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ምን የሚሉት ነገር ነው? ከአዲስ አበባ አዳማ ያለውን የፍጥነት መንገድ ውሰዱ፣ ርዝመቱ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው፣ የተፈቀደው 120። በ120 ከአርባ ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል፣ በ160 ብትበር የምታተርፈው አስር ደቂቃ ነው፣ እሷንም መውጫው ሰልፍ ላይ ትመልሳታለህ። ለዚህች ብሎ ሰው ነፍሱን ያስይዛል? ለጀማሪ ጉልበተኛ መኪና መስጠትንም አልደግፍም፣ ወላጆች ብትሰሙኝ መጀመሪያ ደከም ባለች መኪና ይልመዱ።

ግን ደግሞ ይሄን ብዬ ሳበቃ ጉልበት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ተሳቢ ደርቦ ለመቅደም ጉልበት ያለው መኪና ቶሎ ጨርሶ ይገባል፣ ደካማው ግን ከፊት የሚመጣው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ በዛ በኩል ካየነው ለልጄ ጉልበተኛውን ነው የምመርጥለት። ደሞ ወጣት ሁሉ አንድ አይደለም፣ ጋራዥ ካሉት ልጆች አንዷ ከእኔ የተሻለ ርቀት ጠብቃ ነው የምትነዳው። አይሱዙን አልቃይዳ፣ ሲኖትራክን ቀይ ሽብር ብሎ ህዝብ ስም ሲያወጣ መሪ ላይ የነበረው በብዛት የኛ ትውልድ ነው፣ ህዝብ እንዲህ ያለ ስም በጨዋታ አያወጣም፣ ቀብሮ ቀብሮ ነው ያወጣው።

አልኮል፣ ዝናብ፣ ብሬክ ሸራ ምናምን እዚህ አልዘረዝርም፣ ታውቁታላችሁ። የማታውቁት የሚመስለኝ ተሳፋሪ ሆናችሁ መናገርን ነው። ሾፌሩ አጎት ይሆናል፣ አለቃ ይሆናል፣ መኪና የገዛ ጓደኛ ይሆናል፣ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እኔ አሁን "ቀስ በል" አልልም፣ ሰው ይከፋዋል። "ጌጁን አየኸው?" ነው የምለው። አብዛኛው ሰው አይቶ ራሱ ደንግጦ እግሩን ያነሳል፣ ምክንያቱም በእውነት አላየውም ነበር። ከኋላ የተኛ ሰው ካለ ቀስቅሳችሁ ቀበቶ አሳስሩት፣ ያጉረምርም። ተናግራችሁ እምቢ ካለ ደግሞ አውርደኝ በሉት፣ ወለንጪትም ላይ ቢሆን ውረዱ፣ ከዛ አዳማ የሚመልስ ሚኒባስ አይጠፋም።