ዝናቡ ሲያባራ ጓሮዬ ለምን ይሞታል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ከቤቴ ጀርባ ትንሽ ጓሮ አለችኝ፣ ቆስጣና ካሮት እተክልባታለሁ። በዝናብ ወቅት ሁሉም ፋፍቶ ሲታይ ደስ ይላል። ዝናቡ ካባራ ወር ሳይሞላው ግን መሬቱ ይጠጥራል፣ ቅጠሉም ይዝለፈለፋል። በየማታው ባጠጣም ለውጥ የለውም። በወጥ ቤት ትራፊ ኮምፖስት (ከብስባሽ የሚሠራ ማዳበሪያ) ልሠራ ሞክሬ ነበር፣ ሲሸተኝ ተውኩት። በበጋ መትከሉን ልተወው ወይስ መላ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትተዪው። እኔም ለሁለት ዓመት ያህል የበጋ ችግሬ የውሃ ማነስ ይመስለኝ ነበር። አንድ ማታ ግን አጠጥቼ እንደጨረስኩ መሬቱን ጫር ጫር ባደርገው፣ ላዩ ጭቃ ሆኖ ሁለት ጣት ያህል ወረድ ሲል ደረቅ አቧራ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ሥሩ ጋ ሳይደርስ በማግስቱ ፀሐይ ይወስደው ነበር ማለት ነው። አንቺም ዛሬውኑ ጫሪና እዪው።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨቱን ተዪ። ጣትሽን ሰደድ አድርገሽ ውስጡ ሲደርቅ ብቻ፣ በጠዋቱ፣ እስኪጠግብ አጠጪ። ሥር ውሃውን ተከትሎ ነው ወደ ታች የሚወርደው፤ ላይ ላዩን ካረጠብሽው እሱም ላይ ላዩን ይቀርና ፀሐይ ጠንከር ስትል አቅም ያጣል። ገና ያልበቀለ የካሮት ዘር ግን ሌላ ነው፣ እስኪበቅል ድረስ ላዩ መድረቅ የለበትም።

ከዚያ አፈሩን አልብሺው። ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ፣ ዘር ያልያዘ የታጨደ ሣር፣ ያገኘሽውን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ጎዝጉዢበት። ግንዱን ብቻ እንዳይነካው፣ ይበሰብሳል። ይህን የምታደርጊው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ሳይሆን አፈሩ ገና ርጥብ እያለ ነው። የበጋ ጓሮ የሚሠራው በዝናቡ ጊዜ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ኮምፖስቱ የሸተተሽ አየር አጥቶ ነው። ልጣጭ ብቻውን ሲከመር ውሃ ይበዛበትና ይታፈናል፣ ያኔ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ይረቡበታል፣ ሽታውም ከእነሱ ነው። አንድ ባልዲ ትራፊ በጨመርሽ ቁጥር ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን ጣል አድርጊበት፣ በሳምንት አንዴም ገልብጪው። እፍኝ አንስተሽ ስትጨምቂው ጠብታ ቢጤ ብቻ ከወጣው ልኩ ነው። ሥጋና ዘይት አትክተቺበት፣ አይጥ ይጠራል። ቁልሉ በየጎኑ አንድ ሜትር ያህል ሲሆን መሃሉ ይግላል። መጀመሪያ እጄን ሰድጄ ያ ሙቀት ሲሰማኝ የተደሰትኩትን ደስታ እስካሁን አልረሳውም፤ ልጥለው የነበረ ልጣጭ ነው እኮ! ሲደርስ ይጠቁራል፣ ዝናብ የነካው መሬት መሬት ይሸታል። ይህን ከአፈርሽ ጋር ስታዋህጂው ውሃውን ይዞ ያቆይልሻል።

ጣሪያሽ ላይ አሸንዳ ካለ ደግሞ ሥሩ በርሜል አስቀምጪ። በ20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ ወደ 200 ሊትር ነው፣ አንድ በርሜል ሙሉ! በደንብ ክደኚው፣ ትንኝ እንዳይራባበት።

ጥያቄ፦ ቲማቲሜ ገና ሳይበስል ከታች በኩል እየጠቆረ ይበሰብሳል። ምን መድኃኒት ልርጭበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም አትርጭ። ከታች በኩል ብቻ ከሆነ የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ በሽታ አይደለም፣ ፍሬው ካልሲየም ስላነሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ወደ ፍሬው የሚወስደው ግን ውሃ ነው። አንድ ሳምንት አድርቀኸው በሚቀጥለው ካጥለቀለቅከው አይደርሰውም። አጠጣጥህን እኩል አድርግ፣ ከላይ ለእህታችን ያልኳትን ጉዝጓዝም ጨምርበት። የጠቆሩትን ልቀማቸው፣ አይድኑም። ቀጥለው የሚመጡትን ፍሬዎች ተከታተላቸው፣ ለውጡን የምታየው እነሱ ላይ ነው።