ምን ሰጠን? ለማን ሰጠን? ማን ፈቀደ?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሕዝብ ግንኙነት ባለሙያነት አገለግላለሁ። ለሚቀርቡልን የመረጃ ጥያቄዎች የምንሰጠውን ምላሽ በመዝገብ እንድንይዝ በቅርቡ ታዘናል፤ መዝገቡ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ግን የነገረን የለም። ጥያቄው ገሚሱ በደብዳቤ፣ ገሚሱ በስልክ፣ የቀረው በቴሌግራም ነው የሚመጣው። የበላይ ኃላፊያችን በየሩብ ዓመቱ የጥያቄዎቹን ብዛት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ላይ ይፈርማሉ። ይህ እንደ ክትትል ይቆጠራል? ስሜ እንዳይጠቀስ አደራ።

መልስ፦ አይቆጠርም። ፊርማው ብዛቱ መታየቱን እንጂ ውሳኔው መመርመሩን አያሳይም።

በየቢሮው «አዋጁ ተሽሯል» የሚል ሰው ስለማይጠፋ በቅድሚያ ይህን እናጥራ። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ስለ መገናኛ ብዙኃን የደነገገው ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተተክቷል፤ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል ግን አልተሻረም። በዚህ ክፍል መሠረት ጥያቄው የሚቀርበው ለእናንተው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎች ሲሆን፣ ምላሹ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ክልከላ ሲኖርም ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጻል። ቅር የተሰኘ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። መዝገባችሁ የሚፈተነውም ያን ጊዜ ነው፤ ጉዳዩን በእጁ ያልያዘ ሰው መዝገቡን ብቻ አንብቦ የሆነውን ሁሉ ሊረዳ ይገባል።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁት ለቀኑ ነው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ማኅተም የተመታበት ቀንና እናንተ ጠረጴዛ ላይ የደረሰበት ቀን ለየብቻ ይጻፉ፤ በመካከል የሚባክነው ጊዜ የማን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ብቻ ነውና። ወሮቻችን 30፣ 30 ቀን ስለሆኑ አቆጣጠሩ ቀላል ይመስላል፤ ጳጉሜን ግን አትርሱ። ነሐሴ 20 ቀን የገባ ጥያቄ ጳጉሜ 5 ቀን በሆነችበት ዓመት 30 ቀኑ የሚሞላው መስከረም 15 ነው፤ «አንድ ወር ነው» ብሎ መስከረም 20 የሚጽፍ ባለሙያ አምስት ቀን አሳልፏል ማለት ነው።

ሁለተኛው የክልከላው ምክንያት ነው። ዱሮ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት «ምክንያት» የሚለው ዓምድ መጀመሪያው መስመር ላይ «ምስጢር ስለሆነ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ከዚያ በታች እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ የ«እንደላይኛው» ምልክት ብቻ። አንዱ ጥያቄ ስለ ጨረታ፣ ሌላው ስለ አንድ ሠራተኛ የሕክምና ፈቃድ እንደነበር ያወቅነው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስናገላብጥ ነው። ለእያንዳንዱ ክልከላ ከአዋጁ የትኛው ገደብ እንደተጠቀሰ፣ ከሰነዱ ሊሰጥ የሚችል ክፍል ካለም ለይቶ መስጠት ስለ መታሰቡ፣ የወሰነው ሰው ስምና የሥራ መደብም ይጻፍ። «ኮሚቴው ወስኗል» ማለት አይበቃም፤ የኮሚቴው ቃለ ጉባዔ ቁጥር ይጠቀስ።

በስልክና በቴሌግራም የሚመጣው ብዙ ሐተታ አይፈልግም፦ ጥያቄው ወዲያው በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍርና እንደማንኛውም ደብዳቤ ቁጥር ይሰጠው። አደጋው ያለው በምላሹ ላይ ነው። ሰነዱን በግል ስልክ ፎቶ አንስቶ «ላክሁልህ» ማለት በከተማችን ልማድ ሆኗል፤ ስልኩ ሲቀየር ግን የትኛው ገጽ እንደወጣ የሚያውቅ አይኖርም። የተላከው ቅጂ ራሱ፣ የተሸፈኑት መስመሮች እንደተሸፈኑ፣ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ። መዝገቡም የጠያቂዎችን ስምና ስልክ ስለሚይዝ እንደ ማስታወቂያ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አይዙር፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ በዚህ መዘናጋት በፍጹም አይገባም።

ወደ ኃላፊዎ ስመለስ፣ በሩብ ዓመቱ ሠንጠረዡን ትተው ከመዝገቡ አምስት ቁጥሮችን እርሳቸው ራሳቸው ይምረጡ፤ ከአምስቱ ሁለቱ የተከለከሉ፣ አንዱ ቀን ያለፈበት ቢሆን እመርጣለሁ። ከዚያ ፋይሎቹን አስቀርበው ከገቢ ደብዳቤው እስከ ወጪ ደብዳቤው ይከተሏቸው፤ ያዩትንም በየፋይሉ ላይ በአጭሩ ጽፈው ይፈርሙ። ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ፦ አቤቱታው የሚቀርበው ለእርሳቸው ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሲከለከል «አትስጡ» ብለው በስልክ ያዘዙት ራሳቸው ከሆኑ አቤቱታው ከመሰማቱ በፊት ተወስኗል። እንዲህ ያለ የቃል ትእዛዝ ሲደርስዎ ቀኑንና ሰዓቱን በማስታወሻ ይዘው ከፋይሉ ጋር ያያይዙት። ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ቢሆንም ይያያዝ።

መዝገቡ ሲሞላም መጋዘን ወርውራችሁ አትርሱት፤ ማስወገድ ካስፈለገም በራሳችሁ ከመወሰን በፊት በ1936 የተቋቋመውን፣ ሁላችንም «ወመዘክር» የምንለውን ቤተ መዛግብት ጠይቁ።