መልስ፦ 32 ኢንቹን ሽጬ 43 ኢንች ፎርኬ ልግዛ ወይ?

ቲቪውን አትቀይር፣ ሪሲቨሩን ቀይር። ስዕሉ የደበዘዘብህ በቲቪው አይደለም፣ ራስህ እንደጻፍከው ከድሮው ሪሲቨር በቢጫ ነጭ ቀይ ኬብል ስለምታይ ነው፣ ያ ኬብል ቢበዛ 576 የስዕል መስመር ነው የሚያሳልፈው፣ ኤችዲ የሚባለው ጥርት ያለ ስዕል ግን 720 ወይ 1080 ነው። በዚሁ ኬብል 43 ኢንች ብታስገባ ያው ብዥታ ተለቅ ብሎ ይታይሃል እንጂ ሌላ ለውጥ የለውም።

የቲቪህን ጀርባ እይ፣ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ (ኤችዲ ስዕል የሚያሳልፈው) ካለው ጨረስክ። ኤምፔግ ፎር (የኤችዲ ቻናሎች የሚላኩበት ፎርማት) የሚያነብ ኤችዲ ሪሲቨር ግዛ፣ ዲሹን አትንካው፣ ኢትዮሳት እየሳበልህ ከሆነ ያው ይሰራል። ስትገጥም ሜኑ ገብተህ ስዕሉን 720 ወይ 1080 ላይ አድርገው፣ ብዙ ሰው ይሄን ይረሳና ኤችዲ ምንም አይለይም ይላል። ደግሞ ሶፋህ ከቲቪው 3 ሜትር ከራቀ በ32 ኢንች ላይ 720ና 1080 በአይን አይለይም፣ ስለዚህ ባለሱቁ ከ1080ም በላይ የሆነውን ፎርኬ ፎርኬ እያለ ቢያዋክብህ ጆሮ አትስጠው።

አንድ ነገር ግን፣ እዚህ ባህር ዳር ክረምት ላይ መብረቁ ሲጀምር ሶኬት መንቀል ብቻ አይበቃም፣ የዲሹን ኬብልም ከሪሲቨሩ ፍታው። እኛ ሰፈር ሽምብጥ ሶኬቱ ተነቅሎ የተቀመጠ ሪሲቨር በዲሽ ኬብል በኩል ሲቃጠል አይቻለሁ፣ በኤችዲኤምአይ ሲያያዝ ደግሞ ጉዳቱ ወደ ቲቪውም ሊሻገር ይችላል። በተረፈህ ብር ስታብላይዘር ግዛበት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቀዋለህ።