ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዋይፋይና ሙዚቃ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ከመኖሪያ ቤቱ 30 ሜትር ያህል ርቆ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ አለኝ፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ዋይፋዩ በሩ ድረስ ይይዛል፣ ገባ ስል ይጠፋል። ሪፒተር ገዝቼ ውስጥ ብሰካም ለውጥ የለውም። ሙዚቃ ስከፍት ደግሞ መጋዙ በተነሳ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ያጉረመርማል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሪፒተሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሪፒተር የሚያስተላልፈው የደረሰውን ብቻ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ሞገዱን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ለእርስዎ ቤት ሁነኛው መፍትሔ ኬብል ነው።

40 ሜትር ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ኬብል ይግዙ፣ ለውጭ የሚሆነውን። ሳይከፍሉ በፊት በውስጡ ካሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዷን በምላጭ ፋቅ ያድርጓት፤ ከሥሯ ነጭ ብረት ብቅ ካለ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ይተውት፣ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። ኬብሉን በፕላስቲክ ቱቦ አስገብተው 50 ሳንቲሜትር ያህል ይቅበሩት። ከመብራት መስመር ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ በአንድ ቱቦ አብሮ መሄድማ ፈጽሞ የለበትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጫፉ ላይ ነው። የአርጄ 45ቱን (የኬብሉ ጫፍ ላይ የሚገባውን የፕላስቲክ መሰኪያ) መቆለፊያ ምላስ ወደ ታች፣ የኬብሉን መግቢያ ወደ ራስዎ አድርገው ይያዙ። ከግራ ወደ ቀኝ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ይደርድሩ። ሁለቱን አረንጓዴዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያምራል፣ ግን ስህተት ነው፤ 3ኛውና 6ኛው ቀዳዳ የአንድ ጥንድ (አብረው የተጠማዘዙ) ሽቦዎች ካልሆኑ በአጭር ገመድ የሠራ መስመር በረጅሙ ይቆራረጣል። ሌላውም ጫፍ በዚሁ ቅደም ተከተል ይሁን።

ወርክሾፑ ውስጥ ሁለተኛ ራውተር ያስፈልጋል። የቤቱ ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ የዚህኛውን 192.168.1.2 ያድርጉት፤ ዲኤችሲፒውን (ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት) ያጥፉ፤ ኬብሉን ዋን በሚለው ሳይሆን ላን በሚለው ቀዳዳ ይሰኩ። ዲኤችሲፒ በሁለቱም ከበራ ስልኩ ዋይፋይ ይዞ ኢንተርኔት ሊያጣ ይችላል። ዋይፋዩ የሚሠራበትን ቻናል ለቤቱ 1፣ ለወርክሾፑ 11 ይስጡ። ራውተሩን ሰጋቱራ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይስቀሉ፤ በብረት ሣጥን ግን አይዝጉበት። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ይንቀሉ፤ ሁለት ቤት የሚያገናኝ መዳብ የመብረቅን ኃይል ይዞ ሊገባ ይችላል።

ወደ ማጉረምረሙ እንምጣ። የመጋዝ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል፣ የመስመሩ ቮልቴጅም ይወርዳል። ለአምፕሊፋየሩ ከማከፋፈያው ቦርድ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ያስወጡለት። መጋዙ ጠፍቶም የሚያጉረመርም ከሆነ የስልኩን ቻርጀር ይንቀሉ፤ ድምፁ ከቆመ ችግሩ በቻርጀሩ በኩል የሚመጣ ነው። ድምፁን ለማጥፋት ብለው የመሬት ሽቦውን እንዳይቆርጡ አደራ፤ እሱ ሕይወት የሚያተርፍ ሽቦ ነው።

ስፒከሩን ቆርቆሮው ላይ አያስደግፉ፣ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከሥሩ ላስቲክ ያንጥፉ፣ ከግራይንደር ብልጭታ ራቅ አድርገው ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ይስቀሉ። አምባሰልና ባቲ በማሲንቆ ሲመጣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀጭኑ ድምፅ ጆሮ ይወጋል፤ ትሬብሉን ቀነስ ያድርጉት። መጋዝ ሲሠራ ግን ሙዚቃውን ከማስጮኽ ይዝጉት፣ የጆሮ መከላከያም ያድርጉ። ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ለረጅም ሰዓት ሲሰሙት የመስማት አቅምን ይጎዳል፤ የእንጨት መጋዝ ደግሞ ከዚያ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ደሴ ነኝ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩን በምን ላቆየው?

መልስ፦ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ትንሽ የባትሪ ሣጥን) ይበቃል። የራውተሩን አዳፕተር ጀርባ ያንብቡ፤ 9 ቮልት ለሚለው 12 ቮልት ከሰጡት ሊቃጠል ይችላል። ኢንተርኔቱ በፋይበር የሚመጣ ከሆነ የፋይበሩ ሣጥንም አብሮ ኃይል ማግኘት አለበት፤ አለዚያ ዋይፋዩ ይታያል እንጂ ኢንተርኔት አይኖርም።